ከቤታችን ሥር ያለው መሬት

ቤቱ የእኛ ነበር፤ ቤቱ የቆመበት መሬት ግን የሌላ ሰው ነበር። ኮለምበስ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም የተለመደ አይደለም። በከተማው ምሥራቃዊ ዳር፣ ወደ ፒከሪንግተን በሚወስደው መንገድ አጠገብ የተሠሩ ፎቅ የሌላቸው አሥራ አንድ ቤቶች ግን ሁሉም እንደዚያ ነበሩ። ቦታው ቀድሞ የበቆሎ እርሻ ነበር ይባላል። ገበሬው መሬቱን መሸጥ ስላልፈለገ ከፋፍሎ በሊዝ ሰጠው፤ ሰዎች ቤት ሠሩበት፤ ከእነዚያ ቤቶች አንዱን እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን በኋላ ገዛነው።

ቤቱን ያሻሻጠችን ደላላ አሜሪካዊት ነበረች። መሬቱ ከሽያጩ ውጭ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነገረችን፤ ከነገረችንም በኋላ እስክንደነግጥ ድረስ ፊታችንን እያየች ጠበቀች። እኔ አልደነገጥኩም። ቤት የግል፣ መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር አብዛኛውን ዕድሜውን ለኖረ ሰው፣ ጣሪያና አፈር ሁለት ባለቤት ቢኖራቸው ምን ያስደንቀዋል? ሌላው ገዢ የሚሸሸው ነገር ለእኔ የለመድኩት ሥርዓት መሰለኝ፤ እንዲያውም ቤቱ በዚሁ ምክንያት ስለ ረከሰ ከሌላው ሰው የበለጥኩ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። የደነገጠችው ባለቤቴ ናት።

«መንግሥት ሌላ ነው» አለችኝ ወደ መኪናው ስንመለስ። «መንግሥት ወራሽ የለውም። ይህ ሰውዬ ግን ልጆች አሉት።»

ይህን ያለችኝ በዚያ ቀን ይሁን ነገሩ ከተበላሸ በኋላ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እሷ በዚያው ቀን ነው ትላለች። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ስለ ራሴ ትዝታ የማውቀው ነገር ቢኖር፣ ከሁሉ አብልጦ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ነገር ከሁሉ አብልጬ ልጠረጥረው የሚገባ መሆኑን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ትሕትና ለማሳየት አይደለም። የዚህ ታሪክ ክርክር በሙሉ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ያረፈ ስለ ሆነና ዓረፍተ ነገሩን ማን እንደ ተናገረው ስለማላውቅ ነው።

ውሉን ከመፈረሜ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ለብዙ ዓመታት የውል ሕግ አስተምሬያለሁ፤ ያላነበብኩትን ወረቀት ፈርሜ አላውቅም። በውሉ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም አንድ አንቀጽ ነበር። ሊዙ አሥረኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ውስጥ የቤቱ ባለቤት መሬቱን ልግዛ ካለ ባለመሬቱ እንቢ ሊል አይችልም፤ ዋጋውንም ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ገማች ይወስናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የግዢው ጥያቄ በጽሑፍ፣ ከስድስተኛው ወር የመጨረሻ ቀን በፊት ባለመሬቱ እጅ መድረስ አለበት። ቀኑ ካለፈ መብቱም አብሮት ያልፋል። በእኛ በኩል ቀኑ የሚያልቀው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን አንቀጽ በፈተና ላይ እያወጣሁ ስንቱን ተማሪ ጥዬበታለሁ። ቀን የተቆረጠለት መብት ከቀኑ በኋላ ምኞት ነው እያልኩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፍ ነበር።

ሽማግሌው ገበሬ እኛ ከገባን በስምንተኛው ዓመት ሞተ። ልጆቹ መሬቱን በአንድ ላይ ሸጡት። አዲሱ ባለመሬት ማን እንደ ሆነ የሚገልጸው ደብዳቤ የመጣው በአንድ ኩባንያ ስም ነበር፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ ግን የማውቀው ሰው ፊርማ ሆኖ ተገኘ። የምንሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ነው። በዲቪ መጥቶ፣ ብዙ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ፣ ከዚያ ቤት እየገዛ ማደስና መሸጥ የጀመረ፣ ኒው አልባኒ ላይ ትልቅ ቤት የሠራ፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ነው። በወጣትነቴ ባለመሬት የሚባለውን ሰው አደባባይ ወጥቼ ተቃውሜ ነበር፤ በእርጅናዬ ባለመሬት የሆነብኝ ግን እሑድ እሑድ ሁለት ረድፍ ከፊቴ ተቀምጦ የሚዘምር ሰው ሆነ።

ጥያቄዬን በጽሑፍ ከማቅረቤ በፊት በቃል ልንገረው አልኩ። በአንድ ማኅበር ያለ ሰው ድንገት የጠበቃ ቋንቋ ያለበት ወረቀት ቢደርሰው ይከፋዋል ብዬ ነው። ኅዳር ወር ላይ፣ ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘሁትና አሥረኛው ዓመት ስለ ገባ መሬቱን ልንገዛ እንዳሰብን ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ?» አለ እየሳቀ። ሰላም ብዬው ነበር። «ያንን ኮንትራት እኮ ፈረንጁ ሽማግሌ ነው የጻፈው። ያን ጊዜ እዚህ አካባቢ ላም ነበር የሚግጥበት። ዛሬ ማርኬቱ ሌላ ነው።»

«ውሉ ከመሬቱ ጋር ተሽጦልሃል» አልኩት። «ስትገዛ አይተኸዋል።»

«አይቼዋለሁ፤ ግን ሰው አይቶ የሚያልፈው ነገር አለ አይደል?» ካለ በኋላ ቁልፉን እያሽከረከረ ወደ መኪናው ሄደ። በሩን ከፍቶ ቆመና «እኔ የእርስዎ ስቱደንት አይደለሁም፣ ጋሼ» አለኝ። ይህን ሲል አይስቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት እሑዶች ሰላምታው ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎም እሱም ቀረ። የሚያወራውን ግን እንሰማ ነበር። ከሴቶች ኅብረት የመጣ ወሬ ባለቤቴ ዘንድ ደረሰ፤ «ፈረንጁ ይዞት ሳለ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለው፣ ሐበሻ ሲይዘው ነው መብት ትዝ ያላቸው» ይላል ተባለ። በውሉ መሠረት ከአሥረኛው ዓመት በፊት መጠየቅ እንደማይቻል ለማን ያስረዱታል? ሰዎች ከእኛ አጠገብ ሲቀመጡ ጥንቃቄ ማድረግ ጀመሩ። አንዲት ሴት ለባለቤቴ «እትዬ፣ የወገን ነገር እኮ ከባድ ነው» ብላ ትከሻዋን ዳሰሰቻት።

የገናው ወር እንዳለፈ ደብዳቤውን ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ፣ አንድ ገጽ፣ የውሉን አንቀጽ በቁጥሩ ጠቅሼ። በኤንቨሎፕ አሸግሁት። ቀጣዩ ሰኞ ፖስታ ቤት ወስጄ በአደራ ደብዳቤ ልልከው ነበር። ዓርብ ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን የቀድሞ መጋቢ ደወሉልኝ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ የተጣሉ የንግድ ሸሪኮችን የሚያቀራርቡ እሳቸው ናቸው። እኛ ሁላችን ፓስተር እንላቸዋለን።

«ዶክተር፣ ነገሩን ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ወረቀት ከመላካችሁ በፊት እስቲ ለእኛ ስጡን። ነገ ሰውየውን ይዤው እመጣለሁ።»

ባለቤቴን አማከርኳት። «ይምጡ። ግን ደብዳቤው ቀድሞ ይሂድ» አለች። ፒከሪንግተን የምትኖረው ልጃችን በስልክ ስትሰማው ነገሩ ጭራሽ አልገባትም። «ዳድ፣ ጀስት ሜይል ኢት» አለችኝ፤ ዝም ብለህ ላከው ማለቷ ነው። ሽማግሌ በመካከል ገብቶ ሳለ ከጀርባው ወረቀት መላክ ሽማግሌውን መናቅ መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ «ታዲያ እሱም ይረዳሃላ» ብላ ዘጋችው። የቀኑን ነገር አልዘነጋሁትም። ገና ከሦስት ሳምንት በላይ ነበረን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መጡ። አሁን የምጽፈው የማስታውሰውን ነው፤ የማስታውሰው ደግሞ የሆነውን መሆኑን ዋስ አልሆንለትም።

ፓስተር መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጡ። ባለመሬቱ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኤንቨሎፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፤ የደበቅሁት ነገር እንደሌለ ለማሳየት ይመስለኛል። ፓስተር ጸለዩ። ከጸሎቱ በኋላ ባለመሬቱ ኤንቨሎፑን በአገጩ እየጠቆመ፣

«እኔ ጋሼን እንደ አባት ነው የማያቸው። አባት ለልጁ ሌተር ሜይል ያደርጋል?» አለ።

«ልጁ ከሆንክ መሬቱን ስጠዋ» የሚል መልስ ተሰጠው። የሰጠችው ባለቤቴ ናት። ይህንን መልስ ግን በጆሮዬ ሰምቼው ይሁን፣ ኋላ ላይ ደጋግማ ስለ ነገረችኝ የሰማሁት መስሎኝ ይሁን መለየት አልችልም።

ከዚያ ስለ ዋጋው ተነጋገርን። እሱ ገማች አያስፈልግም አለ። እኔ ያስፈልጋል አልኩ። ፓስተር ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ እንድንለቅ ለመኑን። ንግግሩ እየከረረ ሲሄድ በመካከል ያ ዓረፍተ ነገር ተነገረ፤ «ይህ ወረቀት ለጊዜው ይቆይ፤ ቀኑ ቢያልፍም ችግር የለም።» ቃላቱን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። የመስኮቱን ብርሃን አስታውሳለሁ። የተናገረውን አፍ ግን አላየውም። አንዳንድ ቀን ባለመሬቱ ነው፤ እጁን እንዲህ እያወዛወዘ፣ ነገሩን እያቃለለ። አንዳንድ ቀን ፓስተር ናቸው፤ በዚያ በሚያባብለው ድምፃቸው። ራሴ ብዬው እንደ ሆነስ? ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ለጋስ መስዬ ለመታየት እኔው ብዬው ሊሆን ይችላል።

ፓስተር ኤንቨሎፑን አንሥተው በመጽሐፍ ቅዱሳቸው የቆዳ ልባስ ውስጥ ከተቱትና ዚፑን ዘጉት። «እኔ ጋ ይቀመጥ» አሉ። ይህ ለእኛ ሰው የሚገባ ነገር ነው። ነገርህን ለሽማግሌ ከሰጠህ ትሰጣለህ፤ እጀታውን ይዘህ አትሰጥም። እኔም ሰጠሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልንገናኝ ተቀጠርን። እዚሁ አጠገባችን ባለችው ደብሊን ውስጥ ለቅሶ ሆነና ቀረ። ከዚያ በሚቀጥለው ባለመሬቱ ለሥራ ከከተማ ወጣ። ከዚያ በሚቀጥለው መንገዱ በረዶ ሆኖ ማንም መኪና ማንቀሳቀስ አልቻለም። ቀኑ ሁለት ቀን ሲቀረው ፓስተር ጋ ደወልኩ። ደብዳቤውን ይመልሱልኝ፣ ወይም ሌላ ጽፌ ልላክ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዶክተር» አሉኝ፣ «እኔን ነው የሚያምኑት ወይስ ፖስታ ቤቱን?»

ትክክለኛው መልስ ፖስታ ቤቱን ነበር። የሰው ዕድሜ ሙሉ ሳስተምረው የኖርኩት መልስ እሱ ነው። እኔ ግን «እርስዎን» አልኩ። ባለቤቴ ከፊቴ ቆማ ትሰማ ነበር። ስልኩን ሳስቀምጥ «በል እንግዲህ» ብቻ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ቀኑ አለፈ። ካለፈ በአራተኛው ቀን ፓስተር ቤት ተጠራሁ። ባለመሬቱ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ሻይ ይዞ ነበር። ፓስተር የመጽሐፍ ቅዱሳቸውን ልባስ ከፍተው ኤንቨሎፑን እንደ ታሸገ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ባለመሬቱ ሌላ ወረቀት አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ። በእሱ ወረቀት ላይ ሁለት ምርጫ ተጽፎ ነበር፤ ወይ መሬቱን ገማች ከሚለው እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ እንድንገዛ፣ ወይ የመሬቱ ኪራይ በየዓመቱ እየጨመረ እንድንቀጥል።

«ዴድላይኑ እኮ ፓስ አድርጓል፣ ጋሼ» አለ። «አሁን ፍሬሽ ነው የምንነጋገረው።»

«ቀኑ ቢያልፍም ችግር የለም ብለኸኛል።»

ይህን ስናገር አልተጠራጠርኩም። ንዴት ያለበት ሰው ጥርጣሬ የለውም።

«እኔ?» አለ። «እኔ እንደዚያ አላልኩም። ፓስተር፣ ብያለሁ?»

ፓስተር እጃቸውን እያዩ «ነገሩ በፍቅር እንዲያልቅ ነው የተነጋገርነው» አሉ።

«ፓስተር፣ ብሏል ወይስ አላለም?»

«እኔ የሁለታችሁም ነኝ፣ ዶክተር። ለአንዱ የአንዱን ቃል ልመሰክር አልገባሁም።»

ባለመሬቱ ሻዩን አስቀመጠ። ጋሼ የሚለውን ያን ዕለት ተወው። «ይቅርታ፣ ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «እርስዎ የኮንትራት ቲቸር ነዎት። እኔ ትራክ ነጂ ነበርኩ። አንብበው ቀኑን ያውቁታል። እስቲ እኔ እንዴት አድርጌ ነው እርስዎን የማታልለው?»

እስከ ዛሬ ካሰብኳቸው መልሶች ሁሉ የሚሻለው ያን ቀን ከአፌ የወጣው ነው፤ «አንብቤ የማላውቀው አንተን ነው» አልኩና ሻይ ሳልቀምስ ተነሣሁ። ፓስተር እስከ በሩ ተከትለውኝ ክንዴን ያዙኝ። ክንዴን አስለቀቅሁ። በሕይወቴ የአንድ የእግዚአብሔር ሰው እጅ ከላዬ ያስለቀቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አሁንም አልጸጸትም።

ልጃችን ጠበቃ ፈለገችልን። የጠበቃዋ ቢሮ መሀል ከተማ፣ ወንዙን ከሚያይ ሕንፃ ላይ ነው። ወጣት አሜሪካዊት ናት፤ በጥሞና ትሰማለች። ደብዳቤውን በማን እጅ እንደ ሰጠሁና ለምን እንደ ሰጠሁ ለማስረዳት ብዙ ተናገርኩ። ስለ ሽምግልና፣ ሽማግሌን ስለ ማክበር፣ በመካከል የገባን ሰው አልፎ መሄድ ምን ማለት እንደ ሆነ ነገርኳት። እሷ ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። ያች አንዲት መስመር እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ከዚያ ፍርዱን ነገረችን። ሽማግሌው ወረቀቱን መያዛቸው ለባለመሬቱ አይቆጠርበትም፤ እሱ አልወከላቸውም። «ቀኑ ቢያልፍም ችግር የለም» ያለው ባለመሬቱ ራሱ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በራሱ ቃል እንድንዘገይ አድርጎን ሲያበቃ ዘገያችሁ ሊለን አይችልም። ስለዚህ በቦታው የነበረ ሰው፣ ኖታሪ በሚባለው ፊርማ አረጋጋጭ ፊት ቀርቦ፣ ይህን የተናገረው እሱ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። እኔ ካረጋገጥኩ መሬቱን የማግኘት ጥሩ ተስፋ አለን። ካላረጋገጥኩ ደጅ የሚጠብቀን የሰውየው ወረቀት ነው። በእኛ ዕድሜ በየዓመቱ የሚጨምር ኪራይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ቤቱን ይበላዋል፤ ቤት ከመሬቱ ነቅሎ የሚሄድ የለምና ሸጦ መውጣት ይመጣል፣ የሚገዛም አይገኝም።

ለፓስተር አንድ ጊዜ ደወልኩ። እንደማያስታውሱ ነገሩኝ። ድምፃቸው የሚያስታውስ ሰው ድምፅ ነበር። ግን እኔ ስለ ሌላ ሰው ትዝታ ምን አውቃለሁ?

ጠበቃዋ ቃሌን አዘጋጅታ ጠራችን። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስሜ፣ ዕድሜዬ፣ የቤቱ አድራሻ፣ ከዚያ ያ ቅዳሜ። ሰባተኛው ዓረፍተ ነገር፣ ደብዳቤው እንዳይላክና ቀኑ ቢያልፍ ችግር እንደሌለ ባለመሬቱ በገዛ አንደበቱ ነገረኝ ይላል። ኖታሪዋ ማኅተሟን ይዛ ተቀምጣለች። ብዕሩን ያዝኩ። ሰውየውን እጠላዋለሁ፤ ይህን ለመደበቅ ምክንያት የለኝም። ፊርማዬ እንደሚጎዳው አውቄ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ግን ያን የመስኮት ብርሃን አየሁ፤ አፉን አላየሁም።

«ከሦስታችን አንዱ ብሎታል ብለሽ ልትጽፊው ትችያለሽ?» አልኳት ጠበቃዋን።

«እንደዚያ ከጻፍኩት» አለች፣ «የሚጠቅመው እነሱን ነው።»

ብዕሩን አስቀመጥኩ። ከዚያ ባለቤቴ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ በዚያች ለሐኪም ቤትና ለባንክ ብቻ በምታወጣት እንግሊዝኛዋ፣ እሷም በቦታው እንደ ነበረች፣ እንደ ሰማች፣ ወረቀቱ በእሷ ስም እንዲዘጋጅ ጠየቀች። ጠበቃዋ ብዙ ጥያቄ ጠየቀቻት። ባለቤቴ አንዱንም ሳታመነታ መለሰች፤ ማን የት እንደ ተቀመጠ፣ ሰውየው ካፖርቱን አለማውለቁን፣ «ልጁ ከሆንክ መሬቱን ስጠዋ» ማለቷን። መሐላ በእኛ ዘንድ ስለማይወደድ፣ ሕጉ በመሐላ ፋንታ የሚፈቅደውን «አረጋግጣለሁ» የሚለውን ቃል መርጣ ፈረመች። ፊርማዋ ከእኔ ይልቅ የተስተካከለ ነው።

ስንመለስ እኔ ነበርኩ የምነዳው። አውራ ጎዳናው ላይ ከወጣን በኋላ፣

«ያን ሁሉ ዓመት ለሰው ያስተማርከው» አለችኝ፣ «መብት እንዴት እንደሚያዝ ነው ወይስ እንዴት እንደሚጣል?»

«እውነት የማላውቀውን አልፈርምም።»

«አንተ አትፈርም። ማን ፈርም አለህ? የሚያውቅ ሰው ፈርሟል።»

የባለመሬቱ ጠበቃ መልስ ለመስጠት ሁለት ሳምንት ወሰደበት። መልሱ አጭር ነበር፤ ደንበኛው የግዢውን ጥያቄ በወቅቱ እንደ ደረሰ ቆጥሮ ይቀበላል፣ ገማችም ይሾም ይላል። ሰውየው ባለቤቴ የፈረመችውን የሚያስተባብል ቃል አልሰጠም። ለምን እንዳልሰጠ ብዙ አስቤበታለሁ። ያን ቃል የተናገረው እውነትም እሱ ስለ ሆነ ሊሆን ይችላል። አንዲት አሮጊት ውሸታም ናት ብሎ በጽሑፍ ማኖር በማኅበሩ ፊት ስለሚያሳፍረው ሊሆን ይችላል። የቀሩትን አሥር ቤቶች ላለማንቃት ፈልጎም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ብመርጥ ደስ ባለኝ፤ ለመምረጥ የሚያስችል ማስረጃ ግን የለኝም።

ገማቹ መጣ፣ ዋጋው ተቆረጠ፣ ከፈልን፣ ዝውውሩ በካውንቲው መዝገብ ገባ። ጎረቤቶቻችን ከእኛ ተምረው እያንዳንዳቸው ደብዳቤያቸውን በጊዜው ላኩ፤ ማንም ሽማግሌ አልጠራም። እኛ አሁን በሌላ ቤተ ክርስቲያን ነን። ለፓስተር ስልክ አላነሣም። ባለመሬቱን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ሠርግ ላይ፣ ከአዳራሹ በር አጠገብ ፊት ለፊት አገኘነው። እኔን እንደ ግድግዳ አለፈኝ። በባለቤቴ ፊት ግን ቆመ።

«እትዬ» አላት፣ ጎንበስ ብሎ። «እግዜር ይይዎት።»

«አሜን» አለችው። «ይየኝ።»

እሱ የተጋለጠ ሰው ፊት ነበረው ወይስ የተበደለ? ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ በጠራራ ቀን፣ ባለቤቴ ከቤታችን ጀርባ አጥሩ ሥር ጎመን ስትተክል ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ ነበር። ያን ቅዳሜ እያሰብኩ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ወይም ትዝ ያለኝ መሰለኝ። ሻዩን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ለፓስተር ስቀዳ ሞልቶ ሳህኑ ላይ ፈስሷል፣ በናፕኪን ጠርጌዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ለእንግዳ ሻይ የምቀዳው ደግሞ እሷ ከሌለች ብቻ ነው። ልጃችን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ወደ ፒከሪንግተን ትወስዳት ነበር።

«ያን ቀን፣ እነፓስተር የመጡ ቀን» አልኳት፣ «ሻይ ማን ነበር የቀዳው?»

ቀና ሳትል «እኔ ነኛ» አለች።

«እኔ የቀዳሁ ይመስለኛል።»

«አንተ? አንተ ሻይ ቀድተህ ታውቃለህ?»

«አንቺ ቤት እንዳልነበርሽ...»

እጇን ከአፈሩ አወጣችና አየችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ከቁጣ የከፋ ነገር ነው። «አንተ የረሳኸውን ሁሉ እኔም አብሬህ ልርሳልህ?» አለችኝ። «ጎመኑን አቀብለኝ።»

አቀበልኳት። የተናገረችው እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ራሴ የነገርኳችሁን አስታውሱ፤ ያ የፈሰሰ ሻይ ከሌላ ቅዳሜ፣ ከሌላ እንግዳ ጋር የነበረ ሊሆን ይችላል። እውነቱ ያ ከሆነ ሚስቴን የበደልኩ እኔ ነኝ። ካልሆነም የተቀመጥኩበት መሬት እንዴት እንደ ተገኘ፣ ሕጉስ ምን እንደሚለው፣ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ልጃችን ያን ቅዳሜ እናቷን ወስዳት እንደ ነበር በአንድ ስልክ ልጠይቃት እችላለሁ፤ እሷ ሁሉንም ነገር ስልኳ ላይ እየጻፈች የምታስቀምጥ ልጅ ናት። በየሳምንቱ ትደውላለች፣ ስለ ደም ግፊቴ ትጠይቀኛለች፣ እመልስላታለሁ። እስካሁን አልጠየቅኋትም።